ምጣዱ ስንት ዋት ይበላል?

ሰፈር ውስጥ የተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታችሁ ብታገላብጡት ስንት ዋት እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ላታገኙበት ትችላላችሁ። ሻጩን ብትጠይቁት «መብራት አይበላም» ይላችኋል፤ መብራት ይበላል ብሎ የሸጠ ነጋዴ እስካሁን አልተሰማም። እውነቱን ለማወቅ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልቴጅና በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ።

ቮልቴጁን ተራ ቴስተር ይለካዋል። ለኮረንቲው የሚመቸው አፉን ከፍቶ ሽቦውን የሚያቅፈው ክላምፕ ሜትር ነው። ማቀፍ ያለበት ግን አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካቀፈ ሄያጁና ተመላሹ ኮረንቲ ስለሚጣፉ ዜሮ ያሳያል፤ ጀማሪውም መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

ቴስተሩ 220 ቮልት፣ ክላምፑ 16 አምፔር አሳየ እንበል። ቮልቴጁን ለኮረንቲው ስናካፍል ሬዚስታንሱን እናገኛለን፤ 13.75 ኦም። ሁለቱን ስናባዛ ደግሞ ኃይሉን፤ 3520 ዋት። ሒሳቡ ይኸው ነው። 13.75 ኦሙ ከሽቦው ርዝመት፣ ከውፍረቱና ከተሠራበት ብረት የመጣ የምጣዱ የራሱ ጠባይ ስለሆነ ምጣዱ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። ዋቱ ግን በሶኬቱም ይወሰናል።

ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠቀም ቮልቴጁ ወደ 180 ወረደ እንበል። 180ን ለ13.75 ስናካፍል ኮረንቲው 13.1 አምፔር ይሆናል፤ ኃይሉም 2356 ዋት ገደማ። ቮልቴጁ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ ባነሰ ነው፤ ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛውን አጣ። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮረንቲውንም ይዞት ስለሚወርድ የሁለቱ ብዜት በእጥፍ ይጎዳል። ምጣዱ በደንብ ሳይግል የፈሰሰ ሊጥ ዓይን አያወጣም፤ እርሾውና ጤፉ ያለ ጥፋታቸው ይታማሉ።

ይህንኑ ምጣድ አሜሪካ ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ 120 ቮልት ይጠብቀዋል። ስሌቱ 1047 ዋት ይሰጣል፤ አገር ቤት ከነበረው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በዚያ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ የሚጋግሩት ኖርዌጂያኖች ሌፍሳ ለሚሉት ቂጣ በተሠራ ክብ መጋገሪያ ነው። እሱ ለ120 ቮልት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሬዚስታንሱ ዝቅ ያለ ነው። ያንን መጋገሪያ አዲስ አበባ አምጥቶ 220 ላይ መሰካት ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል መጫን ነው፤ አይቆይም።

ቮልቴጅን፣ ኮረንቲንና ሬዚስታንስን የሚያያይዘውን ይህን ሕግ ያገኘው ጌኦርግ ሲሞን ኦም የኤርላንገን ቁልፍ ሠሪ ልጅና በኮሎኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። የዘመኑ ባትሪ እየደከመ ልኬቱ አልረጋ ቢለው፣ የመዳብና የቢስሙት መጋጠሚያዎችን አንዱን በፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አድርጎ የማይዋዥቅ ምንጭ አበጀ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1827 ወጣ። በአገሩ መጀመሪያ ቀዝቃዛ አቀባበል ነበር የገጠመው፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ የሸለመው በ1841 ነው። የእኛ ሰፈር የማታ ሶኬት ቢደርሰው ኖሮ ሕጉን ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው መስመር የተኛው ጥቅልል ሽቦ ሲበጠስ ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ይጥልና ጫፎቹን ስቦ ያገናኛቸዋል። ሽቦው አንድ አሥረኛ አጠረ እንበል። ሬዚስታንሱ 12.4 ኦም አካባቢ፣ ኮረንቲው 17.8 አምፔር፣ ኃይሉ 3900 ዋት ገደማ ይሆናል። ባለቤቷ «ከተሠራ ወዲህ ቶሎ ይግላል» ብላ ጠጋኙን ትመርቃለች። ያጠረው ሽቦ ግን ከበፊቱ የበለጠ ሸክም ተሸክሟልና ዳግም የሚበጠስበት ቀን ሩቅ አይሆንም፤ በ16 አምፔር ብሬከር ላይ ከሆነም ጋገራው ሳያልቅ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል።

ስሌቱ ሁሉ ቦታ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። 100 ዋት የነበረው የድሮ አምፖል በርቶ ሳለ 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ በቴስተር ቢለካ ግን አንድ አሥረኛውንም አያሳይም፤ የቱንግስተን ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ ብዙ ስለሚጨምር። እንደ ፍሪጅ ያለ ሞተር ያለበት ዕቃም ቮልቴጅን በኮረንቲ በማባዛት ብቻ ትክክለኛ ዋቱን አይሰጥም።

እስካሁን ሬዚስታንስ ሲቀንስ ሙቀት ሲጨምር አየን። ታዲያ የላላ ስፒና፣ ሬዚስታንስ የጨመረበት ሆኖ ሳለ፣ ለምን ይቀልጣል? መልሱ የጄምስ ጁል ነው፤ የእንግሊዛዊ ቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። በ1841 ባሳተመው ጥናት በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከሬዚስታንሱና ከኮረንቲው ስኩዌር ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳየ። ስፒናው ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር ላይ ስለሆነ የሚያልፍበትን ኮረንቲ በአብዛኛው የሚወስነው ምጣዱ ነው። በላላው ጫፍ 0.3 ኦም ብቻ ቢጨመር ኮረንቲው ከ16 ወደ 15.7 አምፔር ገደማ ቢወርድ ነው፤ ምጣዱ ልዩነቱን አያውቀውም። በዚያች አውራ ጣት በምታክል ቦታ ላይ ግን ከ70 ዋት በላይ ይነድዳል። ከአንድ ሰዓት ጋገራ በኋላ ማጥፊያውን አጥፍቶ የስፒናውን ፕላስቲክ በእጅ መዳበስ ነው። ሞቆ ከተገኘ የሚለወጠው ስፒናውና ሶኬቱ ነው፤ ምጣዱ ምንም አልሆነም።