የውጭ መንግሥት ባንክ ለወንዝ ግድብ ስለሚሰጠው ብድር

ስለ ወንዝ ግድብ በሚነገርበት ጊዜ «የውጭ መንግሥት ሠራልን» የሚል አነጋገር አዘውትሮ ይሰማል። ይህ አነጋገር ግን እውነቱን በሙሉ አይገልጽም። ግድቡ በስጦታ ሳይሆን በብድር የተሠራ እንደ ሆነ፣ ዕዳውን የሚከፍለው አገሩና መብራት የሚጠቀመው ሕዝብ ነው። ስለዚህ የአበዳሪውን አሠራር ማወቅ ለመፋዛ ነዋሪም ለሹሙም ይጠቅማል።

የመንግሥት ባንክ ብድር የሚሰጠው ወለድ ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ የራሱን አገር ንግድና ፋብሪካ ለማስፋፋትም ጭምር ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ኤግዚም ባንክ የቻይና መንግሥት ንብረት ነው። ይህ ባንክ በዝቅተኛ ወለድ ሲያበድር፣ ሥራውን የቻይና ኩባንያ እንዲይዘውና ከሚገዛውም ዕቃ በጠቅላላው ከግማሽ ያላነሰው ከቻይና እንዲመጣ ይጠይቃል። ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ተበዳሪው ግምጃ ቤት አይገባም፤ ሥራው በተፈጸመ መጠን በቀጥታ ለሥራ ተቋራጩ ይከፈላል። ዕዳው ግን በተበዳሪው መንግሥት ስም ይመዘገባል።

በሱዳን የዚህ ዋና ምሳሌ የመረዌ ግድብ ነው። በዋናው የናይል ወንዝ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው ይህ ግድብ 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ወጪውን ኤግዚም ባንክ፣ የዓረብ አገሮች የልማት ፈንዶችና የሱዳን መንግሥት ተካፍለውታል። ሥራው በሚካሄድበት ዘመን ሱዳን ነዳጅ እየሸጠች የውጭ ገንዘብ ታገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትለይ ግን የነዳጁ አብዛኛው ክፍል አብሯት ሄደ። የመብራት ሒሳብ የሚሰበሰበው በሱዳን ፓውንድ፣ ብድሩ የሚመለሰው በውጭ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ፓውንዱ በረከሰ ቁጥር ያው ዕዳ ይከብዳል።

ወደዚሁ ወደ ገዳሪፍ አካባቢ ስንመለስ፣ በላይኛው አትባራ ላይ የሩሜላ፣ በሰቲት ላይ ደግሞ የቡርዳና ግድቦች በዓረብ ፈንዶች ብድር ጭምር ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቀዋል። የሁለቱ የኃይል ማመንጫ አቅም 320 ሜጋዋት ነው። ሰቲት በኢትዮጵያ ተከዜ የሚባለው ወንዝ ነው፤ አትባራም ከዚያው ከደጋው ይወርዳል። ሁለቱም በክረምት ብዙ አፈር ተሸክመው ይመጣሉ። ከእነዚህ በታች እ.ኤ.አ. በ1964 የተፈጸመው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ውኃ የመያዝ አቅሙ ከግማሽ በላይ በደለል ተወስዷል። ባንኩ ግን የክፍያውን ቀን ይጠብቃል እንጂ በደለል ምክንያት ዕዳ አይቀንስም።

ሌላም የማይዘነጋ ወጪ አለ። በመረዌ ግድብ ምክንያት ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ካሳቸው ከውሉ በፊት በግልጽ ካልተወሰነ፣ ኋላ ጠያቂና ከፋይ አይገናኙም።

እንግዲህ ውል ከመፈረሙ አስቀድሞ አራት ነገሮች መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ይኸውም ዕዳው በምን ገንዘብ እንደሚመለስ፣ ተቋራጩ በጨረታ መመረጡ፣ ደለሉን ለመጥረግ በየዓመቱ የሚያስፈልገው ወጪ መታሰቡ፣ የተነሺዎችም ካሳ መመደቡ ነው። የእነዚህ መልስ ለሕዝብ የተገለጸ እንደ ሆነ፣ ነዋሪው ወርኃዊ የመብራት ሒሳቡን ሲከፍል ስለ ምን እንደሚከፍል ያውቃል።