ጉለሌ በዘጠኝ ባይት

አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማ ነጋዴ ባሕር ማዶ ላለ ደንበኛው አድራሻውን በኢሜይል ሲልክ «ጉለሌ» ብሎ ይጽፋል እንበል። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ቃሉ የሚጓዘው እንዲህ ሆኖ ነው፦ 225 140 137፣ 225 136 136፣ 225 136 140።

ሦስቱም በ225 እንደሚጀምሩ ልብ በሉ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለው ገበታ በሙሉ እንዲሁ ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም ቁጥሮቹን በምዕራብ አውሮፓ ገበታ ካነበባቸው፣ 225 እዚያ ከላይዋ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» ናትና፣ እሷኑ እየደጋገመ የሚያመጣ ዝብርቅርቅ ይታያል። ይህን ድግግሞሽ ያየ ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ ብዙ ጊዜ ባይቶቹ እንዳሉ ናቸው። ዝብርቅርቁን በዚያው በተሳሳተው ገበታ ወደ ባይት መልሶ በዩቲኤፍ-8 ማንበብ ነው። ግን የዊንዶውስ 1252 ገበታ 129ንና 141ን ባዶ ስለሚተዋቸው «ሁ»፣ «ፈ» እና አራት ነጥብ እንኳ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከመጣ ደግሞ ፊደሉ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ላኪውን ድገምልኝ ከማለት ሌላ መላ የለም።

ኢሜይል ሌላም ሽፋን አለው። የጥንቱ ደንብ ከ127 በላይ የሆነ ባይት አያሳልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ማይም የተባለ ደንብ ባይቶቹን በተራ የላቲን ፊደላትና አኃዞች ጠቅልሎ መላክን ፈቀደ። ከጥቅልሎቹ አንዱ ቤዝ64 ሲሆን ሦስቱን ባይት በአራት ምልክት ይተካል፤ «ጉለሌ» አሥራ ሁለት ምልክት ይሆናል ማለት ነው።

ኮድ ጸሐፊው እንግዲህ ቅደም ተከተል አለበት። ጥቅልሉን ሲፈታ የሚያገኘው ገና ባይት ነው። ፊደል የሚሆነው በመልእክቱ ራስጌ ላይ በተጻፈው ገበታ ሲነበብ ነው። የሚበዛው ጥፋት ባይቱን በመጣ በመጣ ቁጥር መፍታት ነው፤ 225 እና 140 በአንዱ ቁራጭ፣ 137 በሚቀጥለው ከመጣ «ጉ» ትሰበራለች። ሁሉን ሰብስቦ አንዴ መፍታት ይሻላል። «ስሕተቱን ዝለል» የሚለውን አማራጭ ደግሞ እኔ ብሆን አልነካውም፤ ፊደል ሲጥል ድምፅ አያሰማም።

ዩኒኮድ ፊደላችንን በ3.0 እትሙ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት ሴራ የተባለ ሥርዓት አማርኛን በላቲን ፊደል አስጉዟል። የፎንት ሠሪዎች ደግሞ ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ላይ እንደየምርጫቸው ደረደሩት፤ 256 ቦታ ስላልበቃ አንዳንዱ ለሁለት ፎንት ከፈለው። የዚያን ዘመን መልእክት ራስጌ «ላቲን ነው» ሲል አልዋሸም፣ አማርኛው የነበረው ፎንቱ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ለመፍታት የፎንቱን ስም ፈልጎ ለእርሱ ብቻ የተሠራ መቀየሪያ ሠንጠረዥ መጠቀም ያሻል፤ ስሙ ከጠፋ ሠንጠረዦቹን በየተራ ሞክሮ «ነው» እና «ላይ» ደጋግመው የሚወጡበትን መያዝ ነው።