የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥናትና የኮምፒዩተር አገልግሎት

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች የጥንቱ አገር በቀል ደን በአብዛኛው ተርፎ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት ጥናት 28ቱን መርምረዋል፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ከ1938 እስከ 2015 ከሰማይ የተነሡ ምስሎችን አነጻጽረዋል።

በኮምፒዩተር የደንን ስፋት የማስላቱ መሠረት ቀላል ነው። ለምሳሌ በላንድሳት ሳተላይት ምስል እያንዳንዱ ነጥብ 900 ካሬ ሜትር መሬት ይወክላል። 5 ሄክታር ደን እንግዲህ 56 ነጥብ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ዳር ላይ ስለሚያርፉ ዛፍንና እርሻን ይቀላቅላሉ። ከዚህም በላይ ምስሉ ከዛፎቹ ሥር ችግኝ መብቀሉን ወይም በከብት መረገጡን አይገልጽም። ይህ የሚታወቀው በቦታው ተገኝቶ በመቁጠር ነው። ስለሆነም ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ በሜትርና በመዝገብ የሚሰበስበው ትክክለኛ አኃዝ ለጥናቱ ይጠቅማል።