ትዕግሥት የሌለው ዘር

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች አትክልተኞች ጥር ላይ አፈርና ዘር በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ደጅ ያስቀምጣሉ። በረዶው ይጥልበታል፣ ይቀልጥበታል፤ ዘሩ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ይበቅላል። የፖም ዘር ለምሳሌ ሁለት ሦስት ወር እርጥብ ብርድ ካልቀመሰ አይነቃም። ቀድሞ ቢበቅል ውርጭ ይፈጀው ነበርና።

ወደ ብላቴ ወንዝ ዝቅ እያለ በሚሄደው የወላይታ ቆላ፣ እኛ ዲምቱ ላይ፣ የምንፈራው ብርድ አይደለም። የምንፈራው የበልጉን የመጀመሪያ ዝናብ ነው። የካቲት ላይ አንድ ቀን ደህና አድርጎ ይጥላል፣ ሰው ሁሉ ዘሩን ይፈታል፣ ከዚያ ለሳምንታት ይጠፋል። የበርበሬ ዘር ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ነገን አይጠይቅም፤ ይበቅላል። ሲደርቅበት ያልቃል።

ግራር እንዲህ አይታለልም። ቅርፊቱ ውሃ አያስገባም፤ ፍየል ፍሬውን በልታ በበጠጥ ካልጣለችው፣ እኛም ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የፈላ ውሃ አፍስሰንበት ካላሳደርነው፣ መሬት ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በርበሬ ግን እንዲህ ያለ ቅርፊት የለውም፤ መጠበቁ የገበሬው ሥራ ነው።

ስለዚህ ስሌቱን ከኋላ እጀምራለሁ። የበርበሬ ችግኝ መደብ ላይ ከ45 እስከ 60 ቀን ይቆያል። ክረምቱ ሲገባ ማሳ እንዲገባ ከተፈለገ የሚዘራው መጋቢት መጨረሻ ገደማ ነው፤ ያውም ዝናብ ተማምኖ ሳይሆን በጀሪካን ውሃ። ውሃ የሚቀዳ ሰው ከሌለ መደቡን ባይጀምሩት ይሻላል።

ስለ መደቡ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። ሥልጠና ላይ የተማርነው ከፍ ያለ መደብ ለደጋና ለክረምት ነው፤ ውሃ እንዳይተኛበት። በቆላ በጋ ግን ውሃው በጎን ይሸሻል። እኔ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ መደብ አስቆፍራለሁ። ዘሩ በመስመር፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት፤ ላዩ ላይ የሳር ጉዝጓዝ፤ ከፍ ብሎ ዳስ። ማጠጣት ጠዋትና ማታ፣ ቀስ እየተባለ። አፈሩ ጨቅይቶ ካደረ የችግኙ ግንድ ከሥሩ ይበሰብሳል።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ሳሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ግዴታ ነው። አንገታቸውን እንዳጎበጡ አፈሩን የሚሰነጥቁ ነጫጭ ቡቃያዎች ከታዩ፣ ጉዝጓዙ በዚያው ምሽት ይነሳል። ሁለት ቀን ከዘገየ ቀጥነው፣ ገርጥተው ሳሩን ዘልቀው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በማዳበሪያም አይመለሱም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ማንሳት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ዳሱ የሚያስቸግረኝ መጨረሻ ላይ ነው። ገበሬው ለችግኙ ይሳሳለታል፣ ጥላውን ማንሳት አይወድም። ማሳ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሰባት አሥር ቀናት ጥላው እየሳሳ፣ ውሃው እየቀነሰ ካልሄደ፣ ያ ለምለም ችግኝ ማሳ በገባ ማግስት ይጠወልጋል።

በየዓመቱ የምከራከርበት አንድ ነገር ይቀራል፤ የመጀመሪያው መደብ ቢበላሽ መተኪያ እንዲሆን፣ የዘሩን እኩሌታ አስቀርቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ መደብ ላይ መዝራት። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ የቀረውን አይጥ ቢበላብኝስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በደረቀ አመድ ለውሰው፣ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ከጥላ ሥር እንዲያስቀምጡት ነገርኳቸው።