የዘገየ ኮምፒዩተር ምርመራ



ከመሥሪያ ቤት ተመልሶ በቤቱ ያለውን ኮምፒዩተር የከፈተ ሰው ቡና እስኪፈላ ድረስ የሚጠብቅ ከሆነ፥ መሣሪያው አርጅቷልና ይለወጥ ብሎ መፍረዱ የተለመደ ነው። ነገር ግን መዘግየት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብም ብዙ ጊዜ በከንቱ ይቀራል።

ነገሩን ከመሥሪያ ቤት አሠራር ጋር ብናስተያየው በቀላሉ ይገባናል። ፕሮሰሰሩ ጸሐፊው ነው፤ ራም የሚባለው ጠረጴዛው ነው፤ ሐርድ ዲስክ ደግሞ መዝገብ ቤቱ ነው። ጠረጴዛው ከጠበበ ጸሐፊው አንዱን ፋይል ለማምጣት ሌላውን ወደ መዝገብ ቤት ለመመለስ ይገደዳል፤ ቀኑም በመመላለስ ያልቃል።

በመቀሌ ከተማ፥ በሮማናት አደባባይ ዙሪያ ለሚኖሩ ሰዎች ሌላም ምክንያት ተጨምሮ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መብራትና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ስለ ነበር፥ ኮምፒዩተሮች ማሻሻያ ሳይቀበሉ ቆዩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ለብዙ ጊዜ ተለይቶ የቆየ ኮምፒዩተር እንደ ገና ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የቀረበትን ማሻሻያ መቀበል ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ የሚዘገየው ስለ ታመመ ሳይሆን ሥራ ስለ በዛበት ነው። መድኃኒቱም ከመብራትና ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተገናኘ ማሳደር ነው።

መዘግየቱ ከዚህ በኋላም ካልተወ፥ ከሁሉ አስቀድማችሁ የልጆቻችሁን ፎቶግራፍ፥ የትምህርት ማስረጃችሁንና ደብዳቤዎቻችሁን በሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ። ዲስኩ እንግዳ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ሊበላሽ መቃረቡ ሊሆን ይችላልና፥ ከመቅዳት በቀር ሌላ ሥራ አታሠሩት። ባለሙያው ፎርማት ላድርገው ቢላችሁም፥ ፎርማት የሚደረግ ዲስክ በላዩ ያለውን ጽሑፍና ሥዕል ሁሉ እንደሚያጣ አስታውሱ።

ቀጥሎ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ብትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በዚያ የሚታዩት ከመቶ የተሰሉ ቁጥሮች ጥፋተኛውን ያመለክታሉ። ራሙ ወደ 100 ከቀረበ የማትሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ዝጉ፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በራሳቸው የሚከፈቱትንም ከዚያው አግዱ። ዲስኩ 100 ላይ የሚቆይ ከሆነ፥ የሚሽከረከረውን ሐርድ ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. መለወጥ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ትልቅ ፈውስ ነው፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ፋይልን ፈጥኖ ያገኛልና። ምንም ሳትሠሩበት ፕሮሰሰሩ ሥራ ከበዛበት ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል፥ ዲፌንደር በተባለው የዊንዶውስ ጠባቂ አስመርምሩት። ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነም ፕሮሰሰሩ ከሙቀት ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መጥረጊያ እንጂ ግዢ አያስፈልገውም።

እንግዲህ መርምሮ መፍረድ ለመዝገብ ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያም ይገባል። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ግን አይተካም።