ተራ ቁጥር 13 ላይ የጎደለው

ጁን 6 ቀን 1944 ዋቨርሊ ዉድሰን ኖርማንዲ ውስጥ ኦማሃ በተባለው የባሕር ዳርቻ የወረደው ቆስሎ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተሳፈረበት ጀልባ ጠረፉ ላይ ሳይደርስ ተመትቶ፣ የብረት ስብርባሪ ጭኑንና መቀመጫውን ቀዶት ነበር። የ21 ዓመት ወጣት፣ የ320ኛው የባራዥ ባሉን ሻለቃ የሕክምና ባለሙያ ነው። ሻለቃው የጠላት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እንዳይበር በሽቦ የታሰሩ ግዙፍ ፊኛዎችን አየር ላይ የሚያቆም ሲሆን፣ ወታደሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ዉድሰን ቁስሉ ከታሰረለት በኋላ ለ30 ሰዓት ያህል ቁስለኛ ሲያክም ቆየ። ጥይት አወጣ፣ ደም አቆመ፣ ባሕር የበላቸውን ወታደሮች ትንፋሽ መለሰ። በእጁ የታከሙት 200 ይደርሳሉ ይባላል። ከዚያ በኋላ ራሱ ወደቀ።

የተሰጠው ብሮንዝ ስታርና በጠላት እጅ ለቆሰለ የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት ነው። በ2005 አረፈ። ከሜዳል ኦፍ ኦነር ቀጥሎ ያለው የአሜሪካ ምድር ጦር ሁለተኛው ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን የተፈቀደለት ግን በ2024 ነው፤ ከውጊያው 80 ዓመት፣ ከሞቱ 19 ዓመት በኋላ። በዚህ ሁሉ ዘመን ዉድሰን በዚያ ቀን የሠራውን የካደ ባለሥልጣን አልነበረም። ባለቤቱ፣ የምክር ቤት አባላትና የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው የተጋፈጡት መልስ አንድ ነው፤ ማኅደሩ የለም፣ ተቃጥሏል።

የተቃጠለው ጁላይ 12 ቀን 1973 ነው። ሚዙሪ ውስጥ፣ ከሴንት ልዊስ ከተማ ወጣ ብሎ ኦቨርላንድ በሚባል ስፍራ፣ የአሜሪካ ወታደሮች የግል ማኅደር የሚቀመጥበት ባለ ስድስት ፎቅ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ነበር። ንድፉ የኒውዮርክን መንትያ ሕንፃዎች የነደፈው የሚኖሩ ያማሳኪ ነው። ማኅደሮቹ በተደረደሩባቸው ሰፋፊ ክፍሎች እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልተገጠመም። እሳቱ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ተነሳ፤ ከ42 የእሳት አደጋ ወረዳዎች የመጡ ሠራተኞች ለአራት ቀናት ተኩል ታገሉት። መነሻው እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር ወደመ። ከ1912 እስከ 1960 ከተሰናበቱ የምድር ጦር አባላት ማኅደር 80 በመቶው፣ ከ1947 እስከ 1964 ከተሰናበቱና ስማቸው በፊደል ተራ ከሐበርድ በኋላ ከሚመጣ የአየር ኃይል አባላት ማኅደር ደግሞ 75 በመቶው ጠፋ። ቅጂ አልነበረም፤ በማይክሮፊልም የተነሳም አልነበረም።

እሳቱ ያልበላውን ውኃው አበላሸው። በጁላይ ሙቀት ሻጋታ እንዳይጨርሳቸው እርጥብ ወረቀቶቹ ማክዶኔል ዳግላስ ወደሚባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ተወስደው አየር በሚመጠጥበት ግዙፍ ክፍል ውስጥ እንዲደርቁ ተደረገ። ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ማኅደር በዚህ መንገድ ተረፈ፤ ብዙው ጠርዙ ከስሏል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ጽሑፉ ራሱ የጠፋበትን ሰው አይመለከትም። አንደኛውና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ኮሪያም፣ ሁሉም በዚያ ጭስ ውስጥ አለፉ።

አንድ አሜሪካዊ ወታደር ሲሰናበት የሚሰጠው ወረቀት ዲዲ 214 ይባላል፤ ከ1950 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ቅጽ ነው። ዛሬ በሚሠራበት ቅጽ ተራ ቁጥር 13 ላይ ኒሻኖች፣ ሜዳሊያዎች፣ ባጆችና ሪባኖች ይዘረዘራሉ። አንድ ሽልማት እዚያ ካልተጻፈ መንግሥት እንዳልተሰጠ ይቆጥረዋል። ወታደሩ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቢመጣም መልሱ አይለወጥም።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገምቱት ስህተቱ የአንድ ሰነፍ ጸሐፊ ስህተት እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለውም አለ። ጦርነት ሲያበቃ ወታደሩ በገፍ ይሰናበታል፤ ጸሐፊው ይቸኩላል፣ ወታደሩም ቤቱ ናፍቆት የተሰጠውን ይፈርማል። ነገር ግን ከጎደሉት ሽልማቶች ብዙዎቹ ወረቀቱ በተተየበበት ቀን ገና ያልነበሩ ናቸው። በ1947 የአሜሪካ ምድር ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእግረኛ ተዋጊ ወይም የጦር ሜዳ ሕክምና ባጅ ያገኘ ሁሉ ብሮንዝ ስታር ይገባዋል ብሎ ወሰነ። በዚያ ጊዜ ሰዎቹ ወደ እርሻቸውና ወደ ፋብሪካቸው ተመልሰዋል፤ ማመልከት የነበረባቸውም ራሳቸው ናቸው፤ ስንቱ ሳይሰማ ሞተ። በ1974 የወጣ አንድ አጠቃላይ ትእዛዝ ደግሞ ቬትናም ለነበሩት የምድር ጦር ክፍሎች ከሞላ ጎደል በሙሉ የደቡብ ቬትናም መንግሥት የሰጠውን የጀግንነት መስቀል የክፍል ሽልማት አጸደቀ። በ1968 ወይም በ1970 የተሰናበተ ዘማች ወረቀት ላይ ይህ ሊኖር አይችልም። የኮሪያ መንግሥት ለዘማቾች ያቀረበውን የጦርነት ሜዳሊያ አሜሪካ ለወታደሮቿ የፈቀደችው በ1999 ነው፤ ጦርነቱ ከቆመ 46 ዓመት በኋላ።

እንዲህ ያለውን ማረም ቀላል ነው። ዘማቹ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ሴንት ልዊስ ላለው መዝገብ ማዕከል ይጽፋል፤ ሽልማቱን የሚደግፍ ትእዛዝ ከተገኘ ዲዲ 215 የሚባል የማረሚያ ወረቀት ወጥቶ ከቀድሞው ጋር ይያያዛል። ለጦር ክፍሎች የተሰጡ ሽልማቶች በየዘመኑ በታተሙ መጻሕፍት ተዘርዝረዋል፤ ዘማቹ በዚያ ቀን በዚያ ክፍል እንደነበረ ማሳየት ይበቃል።

ከባዱ መንገድ የሚጀምረው ትእዛዙ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ያኔ ጉዳዩ ዲዲ 149 በሚባል ቅጽ ወደ ወታደራዊ መዝገብ አራሚ ቦርድ ይሄዳል። ቦርዶቹ የተፈጠሩት በ1946 በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የአንድ ወታደር መዝገብ እንዲታረም የአሜሪካ ምክር ቤት ለዚያ ሰው ብቻ ልዩ ሕግ ማውጣት ነበረበት፤ ምክር ቤቱ ይህ ስለሰለቸው ሥራውን ለሲቪሎች ቦርድ አስተላለፈ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የወታደሩን አቤቱታ የሚያየው አዛዡ ሳይሆን ሲቪል እንዲሆን ተፈለገ። ማመልከቻው ስህተቱ በታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ቦርዱ ለፍትሕ ይጠቅማል ብሎ ካመነ ግን ቀነ ገደቡን ማለፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ያልፋል። የምድር ጦሩ ቦርድ ሦስት ሰዎች ይቀመጡበታል፤ አመልካቹን ፊት ለፊት የሚሰሙት ከስንት አንዴ ነው፣ በአብዛኛው ወረቀት አይተው ይወስናሉ። ሕጉ እስከ 18 ወር ይሰጣቸዋል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ቦርዱ ሥራውን የሚጀምርበት የሕግ ግምት ነው። መዝገቡ ትክክል ነው፣ ሹማምንቱም ሥራቸውን በሥርዓት ሠርተዋል ተብሎ ይታሰባል። ተሳስተዋል የሚለው ወገን የማስረዳት ሸክሙን ይሸከማል። ማኅደሩ በቦታው ላለ ሰው ይህ ፍትሐዊ ነው። ማኅደሩ በመንግሥት እጅ ሳለ ለተቃጠለበት ሰው ግን፣ ጠባቂው ያጠፋውን ዕቃ ባለቤቱ እንዲያቀርብ መጠየቅ ነው።

የፐርፕል ኸርት ጥያቄ ይህን በደንብ ያሳያል። ሦስት ነገር መረጋገጥ አለበት፤ ቁስሉ ከጠላት የመጣ መሆኑ፣ የሕክምና ባለሙያ ያየው መሆኑ፣ ሕክምናው በኦፊሴል መመዝገቡ። ሦስተኛው ነው የተቃጠለው። ስለዚህ ቤተሰብ እንደ መርማሪ ይሆናል። የየክፍሉ ዕለታዊ ሪፖርት ውስጥ ማን ቆሰለ፣ ማን ወደ ሆስፒታል ተላከ የሚል አጭር መስመር ይገኛል። የደመወዝ ሰነድ ቀኑን ያረጋግጣል። በ1988 ደግሞ ከ1942 እስከ 1945 እና ከ1950 እስከ 1954 ሆስፒታል የገቡ ወታደሮችን የያዘ ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ መረጃ የተቀረጸበት የኮምፒውተር ቴፕ መኖሩ ታወቀ፤ ለጥናት ተብሎ የተሰበሰበ ነበር። በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር የተቀመጠ ቢሆንም ለብዙ ዘማች ብቸኛው የቁስል ማስረጃ እሱ ሆኗል። የጓድ ወታደር በቃለ መሐላ የተደገፈ ምስክርነትም ይጠቅማል፤ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካገለገሉት ከ16 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ዛሬ በሕይወት ያሉት ከአንድ በመቶ በታች ናቸው። ማን ይመስክር?

የዉድሰንም ጉዳይ የተነሳው ከሴንት ልዊስ ውጭ በተገኘ ወረቀት ነው። ሊንዳ ኸርቪዩ የምትባል ጋዜጠኛ ስለ ሻለቃው ስትመራመር በፕሬዚዳንት ትሩማን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጦርነቱ ዘመን ማስታወሻ አገኘች። አዛዡ ለሁለተኛው ከፍተኛ ኒሻን እንዳጩት፣ የጄኔራል ጆን ሊ ቢሮ ደግሞ ለሜዳል ኦፍ ኦነር ይበቃል ብሎ እንዳመነ ይናገራል። በዚያ ጦርነት ውስጥ ግን አንድም ጥቁር ወታደር ሜዳል ኦፍ ኦነር አልተሰጠውም። በ1997 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለሰባት ሲሰጡ በሕይወት የነበረው ቨርነን ቤከር ብቻ ነው። ስለዚህ እሳቱን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ እሳቱ የመጣው ከ29 ዓመት ዝምታ በኋላ ነው።

ጥቁር አሜሪካዊው መኮንን ፓሪስ ዴቪስም ለዚህ ምስክር ነው። በ1965 ቬትናም ውስጥ ቦንግ ሶን አካባቢ 19 ሰዓት ገደማ በፈጀ ውጊያ ቆስሎ ሳለ የወደቁ ጓዶቹን ከተኩስ መሐል አወጣ። አዛዡ ወዲያው ለሜዳል ኦፍ ኦነር አጩት፤ ወረቀቱ ጠፋ። በ1969 ጉዳዩ ተጣርቶ እንደገና እንዲቀርብ ታዘዘ፤ እንደገና ጠፋ። የዴቪስ ወረቀት ሴንት ልዊስ አልተቃጠለም። ጓዶቹና በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት ታግለው፣ ማርች 3 ቀን 2023 ኒሻኑን ከፕሬዚዳንት ባይደን እጅ ሲቀበል 83 ዓመቱ ነበር።

ይህ የክብር ነገር ብቻ አይደለም፤ እንጀራም አለበት። ፐርፕል ኸርት ያለው ሰው በዘማቾች ሆስፒታል የቅድሚያ ተራው ከፍ ይላል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ የተሸለመ ሙሉ የትምህርት ድጋፍ ያገኛል። ውጊያ ላይ መዋሉ በኒሻን የተረጋገጠ ሰው ስለ ጉዳቱ የሚናገረው ቃል በሕግ የተለየ ክብደት አለው። አንዲት መስመር ስትጎድል እነዚህ በሮች ሁሉ ይዘጋሉ።

ቦርዶቹ የሚጠነቀቁበት ምክንያት አለ። ያልዋሉበትን ጦርነት የሚያወሩ፣ ዲዲ 214 የሚያጭበረብሩ ሰዎች አሉ፤ በ2013 የወጣው ሕግ በሐሰተኛ ሽልማት ጥቅም የሚፈልጉትን ይቀጣል። ጥንቃቄው ትክክል ነው። ነገር ግን ማኅደሩ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሳለ እንደጠፋ በተረጋገጠበት ጉዳይ፣ የሚቀርበው ማስረጃ ከታወቀው ታሪክ ጋር እስከተስማማ ድረስ ጥርጣሬው ለወታደሩ ጥቅም ሊተረጎምለት ይገባል። የክፍሉ ሪፖርት፣ የሆስፒታል ቴፑና የደመወዝ ሰነዱ በመንግሥት እጅ ናቸው። ፈልጎ የማምጣት ሥራውም የመንግሥት ይሁን፤ የ90 ዓመት አዛውንት ወይም የባለቤቱ ሥራ አይደለም።

በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ የእኛ ልጆችም ከዚህ የሚወስዱት አለ። ከመሰናበት በፊት ተራ ቁጥር 13ን ከእያንዳንዱ የሽልማት ትእዛዝ ጋር ማስተያየት፣ የትእዛዞቹን ቅጂ ቤት ማስቀመጥ፣ ጎዶሎ ካለ ከመፈረም በፊት ማሳረም። አንድ ቀን የሚፈጀው ሥራ ከፈረሙ በኋላ አንድ ዓመት ይፈጃል።

የቃኘው ሻለቃ ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። ከ1951 ጀምሮ በየተራ ኮሪያ የዘመቱት ሻለቆች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፤ ከመካከላቸው ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር የተሸለሙ አሉ። ከ1974 በኋላ በመንግሥት ዘንድ በበጎ ዓይን ስላልታዩ ሜዳሊያቸውን የሸሸጉ፣ በችግር የሸጡም ነበሩ። የአሜሪካ ኒሻን ግን የሚሰጠው በአሜሪካ ጦር አጠቃላይ ትእዛዝ ነው፤ በኮሪያ የዘመቱ የአሜሪካ ክፍሎች ሰነዶችም ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። የተመራማሪ መታወቂያው በነፃ ነው። የአባትን ኒሻን የሚፈልግ ሰው ሻለቃውን፣ ውጊያ የዋለበትን ቀንና ቦታ ይዞ ይሂድ፤ ስሙን ከነአባቱ በሦስት በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክር፤ አሜሪካዊው ጸሐፊ የጻፈው ጆሮው እንደሰማው ነው።