ኒውላንድ ላይ ጋቢ የተለበሰበት ሳምንት

ከገና ማግስት ጀምሮ «ጋምቤላ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የቀዘቀዘችው?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ከመሃል አገር የምትጽፉልኝ ደግሞ ጋምቤላ ውስጥ ብርድ አለ መባሉን ራሱ ማመን አቅቷችኋል። አለ። ለምን እንዳለም ዛሬ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ሰሞኑን እዚህ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የወጣ ሰው የባጃጅ ሾፌሮችን ጃኬት ደርበው ያገኛቸዋል። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ወንበሩን ወደ ከሰሉ አስጠግቷል። በመጋቢት አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አጎበር ዘርግቶ የሚተኛው ጎረቤቴ ቤቱ ገብቶ ብርድ ልብስ ተከናንቧል። በረንዳዬ ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር አንድ ጠዋት 17 ዲግሪ አሳይቶኛል። ባሮ ወንዝ ዳር ስትወርዱ ከውኃው ላይ ስስ ጉም ይነሳል፤ ውኃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ነው እንፋሎቱ ወዲያው ወደ ጉም የሚለወጠው። ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል ይጠፋል። ቀትር ላይ ግን ያው የምናውቃት ጋምቤላ ነች፤ 34 ዲግሪ። ለእኛ ይሄ መለስተኛ ነው።

ነገሩ ከተፈጥሮ ሥርዓት የወጣ አይደለም። ስለ ክልሉ የተጻፉ ጥናቶች ከፍተኛው ሙቀት በመጋቢት አጋማሽ ግድም 45 ዲግሪ እንደሚደርስ፣ ዝቅተኛው ደግሞ በታኅሣሥ 10.3 ዲግሪ ድረስ እንደወረደ ያሳያሉ። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ብርድ ከተመዘገበው ገና ብዙ ይርቃል።

ምክንያቱ ከራሳችን ሰማይ ይጀምራል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች በጋ የሚሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ዝናብ አምጪው የአየር መገናኛ መስመር ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ በምትኩ ሳይቤሪያና ዓረቢያ ላይ የተከማቸው ከባድና ቀዝቃዛ አየር ከሰሜን ምሥራቅ እየገፋ ደረቅ ነፋስ ይልክልናል። ደረቅ አየር ደመና የለውም። ደመና ከሌለ ደግሞ ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ያለ ከልካይ ወደ ላይ ትለቃለች። ጥር ላይ ሌሊቱም ከቀኑ ትንሽ ይረዝማል፤ ጎህ ሊቀድ ሲል ብርዱ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ይህን ስል ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቼ ትዝ ይሉኛል። እዚያ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይኸው ጥርት ያለ ሰማይ ውርጭ ጥሎ ባቄላውን ያቃጥላል። እኛ 526 ሜትር ግድም ላይ ስለሆንን ጋቢ አስለብሶን ያልፋል። እነሱን የሚጎዳውና እኛን የሚያሳርፈን ሰማይ አንድ ነው። ቀኑ ለምን አይቀዘቅዝም ለምትሉ፣ ከጎሬና ከቡሬ ከፍታ ወደ ቆላው የሚወርድ ደረቅ አየር በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ደጋነቱን ጨርሶ ነው።

«ባሮ ነው የሚያቀዘቅዘን» የሚሉ አሉ። ግማሹ ልክ ነው፤ ትልቅ ውኃ የአካባቢውን አየር ይለውጣል። በባሕር ጠረፍ ያሉ ከተሞች ብርዳቸው የሚለዝበው ባሕሩ ብዙ ሙቀት ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው። ባሮ ግን አሁን ውኃው ወርዶ አሸዋው እየታየ ነው፤ ከተማን የሚያቀዘቅዝ አቅም የለውም። (እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ስምምነት መሠረት እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ወደብ ሲይዙም ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት ጀልባዎች እዚህ የሚደርሱት በክረምቱ ሙላት ብቻ ነበር።) የወንዙ ዳርቻ ላይ ለየት ያለ አየር የሚሰማችሁ ከውኃው ይልቅ በዛፎቹ ምክንያት ነው። ማንጎውም፣ ኒሙም ጥላ ይጥላል፣ በቅጠሉም እርጥበት ያወጣል። ኒውላንድ ውስጥ ዛፍ ካለው ግቢ ወጥታችሁ ባዶ ሜዳ ስትረግጡ ልዩነቱን ቆዳችሁ ይነግራችኋል። እነዚህን ዛፎች ለከሰል የሚቆርጥ ሰው መጋቢት ላይ የሚያስጠልለንን ነው የሚቆርጠው፤ ይህን በየግቢያችን ልንነጋገርበት ይገባል።

ለእኔ የሳምንቱ ትልቁ ነገር ማንጎው ነው። የማንጎ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለው እንቡጥ ቅጠል ሊሆንም አበባ ሊሆንም ይችላል፤ ወደ አበባ የሚገፋው ደረቅ ጊዜና ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ነው። ጎረቤታችን ያለውን ዛፍ ቀርቤ አየሁት፦ ቀላ ያለ ዘንግ ወጥቶለታል፣ ዘንጉ ላይ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ ክሬም መልክ ያላቸው እንቡጦች ተደርድረዋል፣ ዝንቦችም ይመላለሱበታል። ዝንቦቹን አታባርሯቸው፤ አበባውን የሚያዳቅሉት እነሱ ናቸው። የዛፉ ባለቤት እናት «ልጄ፣ ዘንድሮ ብርዱ ጠንከር ብሏል፤ ማንጎው ይይዛል» አሉኝ። የዕድሜ ልክ ትዝብታቸው ሳይንሱ ከሚለው ጋር ገጥሟል።

በዚሁ ሰሞን ወንዙ የሸሸበት እርጥብ ደለል ላይ የአኝዋክ ገበሬዎች የዘሩት በቆሎ አረንጓዴ ሆኗል፤ የኑዌር አርቢዎችም ከብቶቻቸውን ወደ ወንዞቹ ዳር አውርደዋል። ለዚህ ሁሉ የአሁኑ ለዘብ ያለ አየር እፎይታ ነው።

የምሰጋው ደመናን ነው። አንዳንዴ ከሰሜን የሚመጣ የአየር ሥርዓት ወደ እኛ ዝቅ ብሎ በበጋ መሃል ደመናና ካፊያ ያመጣል። ያኔ ቀኑ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊቱ ግን ይሞቃል፤ ደመናው እንደ ክዳን የምድሩን ሙቀት ይይዘዋልና። ለሰው ይመች ይሆናል፤ ለማንጎው ግን አበባውን የሚያጠቁረው ፈንገስ የሚወደው እርጥበት ነው።

አሁን ልብ እንድትሉልኝ የምለምናችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ጭስ ነው። ብርዳማ ሌሊት ላይ ቀዝቃዛው አየር መሬት ለመሬት ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ ይጋርደዋል፤ የሣር ቃጠሎውም የቆሻሻው ጭስም በዚያ መሃል ታፍኖ ያድራል። ጠዋት ልጆቹ የሚስሉት ብርዱ ብቻ ይዟቸው አይደለም። ቆሻሻ ማቃጠል ግድ ከሆነባችሁ ማታና ማለዳ ተዉት፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አየሩን ስታነሳው ጭሱም አብሮ ይነሳል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ብርድ ስላልለመድን ከሰል ያለበት ማንደጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የሚተኛ አለ። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በተለይ ሕፃን ያላችሁ፣ በስደተኛ ጣቢያዎቹ ጠባብ መጠለያ ውስጥ የምታድሩም፣ እባካችሁ ማንደጃውን ከመተኛታችሁ በፊት ውጭ አውጡት። የፈለገ ቢበርድ 17 ዲግሪን ብርድ ልብስ ይችለዋል።